ወደ ኋላ የሄደው ሞተር

ግቢ፣ ግቢ እህቴ። በሩን በትከሻሽ ገፋ አድርጊው፤ ዝናብ ሲነካው ያብጥና እንግዳ ሁሉ ከዚህ ቤት ጋር የተጣላ ይመስለዋል። ጫማሽን አታውልቂ፣ የልብስ ሰፊ ቤት ወለል ላይ ስፒል አይጠፋም። ጃንጥላሽን እዚያ ጥግ አቁሚው፣ ቦርሳሽን ጠረጴዛው ላይ። እንዴት ሰነበትሽ? ፊትሽ ወዝ አለው… ደስታ ያለበት ቤት ያስታውቃል። በይ ቀሚሱን ልበሺና እዚህች በርጩማ ላይ ውጪልኝ። ቅምቀማውን ቆመሽ ካልለካሁት፣ ቅዳሜ አንዱ ጎን መሬት ሲጠርግ ሌላው ጉልበትሽን ያሳያል። ጎሽ። ወደ መስታወቱ ዙሪ።

አየሽ እንዴት እንዳማረብሽ! ሰማያዊ ለቀይ ሰው ነው ይላሉ፤ ውሸት ነው፤ ሰማያዊ ለታደለ ሰው ነው። ወገቡ ላይ ጠበብ አለ እንዴ? ሦስት ሳምንት እኮ ነው ከለካሁሽ። ግድ የለም፣ ትንሽ እለቀዋለሁ። በሦስት ሳምንት ሰው ይወፍራል፣ ሰው ይከሳል። ወንድሜ ስድስት ኪሎ ቀነሰ፤ እኔም ስድስቱ ኪሎ ወዴት ሄደ እያልኩ ነበር…

አትነቃነቂ፣ ስፒሉ ይወጋሻል።

ወንድሜ? ደህና ነው፣ ተመስገን። ከዚህ መጋረጃ ጀርባ ነው የተኛው፤ ቀስ ብለን እናውራ። ግራ እግሩ እስከ ጭኑ ጀሶ ነው። ወገቡን ደግሞ ሲቀመጥ ያመዋል፣ ሲተኛ ያመዋል። ሲቆም አያመውም፤ ግን ማን ያቁመው? እኔ እንኳ አቁሜው ነበር ባለፈው፣ ሁለታችንም ተያይዘን ቁም ሳጥኑ ላይ ወደቅን። ሳቂ፣ ግድ የለም፣ እሱም ስቋል።

አንቺ እኮ ነገሩን በደንብ አልሰማሽም ይሆናል። ከማን ትሰሚያለሽ? እናንተ ቤት ስለ መኪና ወሬ የሚያወራ የለም… በሥራ የደከመ ሰው ቤቱ ሲገባ ስለ ሥራው ማውራት አይወድም።

ወንድሜ ከክሊኒኮች የደም ናሙና እየሰበሰበ ላቦራቶሪ እንደሚያደርስ ታውቂያለሽ። ሞተሩ ጀርባ ላይ የበረዶ ሳጥን አለች። ያን ቀን ረፋዱ ላይ፣ አራት ሰዓት ከሃያ፣ አንዲት እናት ሕፃን በጋሪ እየገፋች ማቋረጫው ላይ ደረሰች። እሱ ቆመላት። ጥፋቱ ይኸው ነው እህቴ፤ ቆመ። ፍሬን ያዘ፣ የሞተሩ የኋላ ቀይ መብራት በራ፣ አንድ እግሩን መሬት አስረገጠ፣ ሴትዮዋን በእጁ «እለፊ» አላት። ከዚያ ከኋላው አንድ ነገር መጣና ሞተሩን ከሥሩ ወሰደው።

ሳጥኗ ተሰበረች። የአሥራ ሦስት ሰው ደም ሱሪው ላይ ፈሰሰ። ሰው ሁሉ «አለቀ! አለቀ!» ብሎ ሲጮህ፣ ይሄ ጅል ወንድሜ አስፋልት ላይ ተንጋሎ «የኔ አይደለም፣ የደምበኞች ነው» ይላል። አሥራ ሦስቱም ሰዎች በማግሥቱ እንደገና ተወጉ። አንደኛዋ አሮጊት እዚህ ድረስ መጥተው ጠየቁት፤ «ልጄ፣ የኔ ስኳር አንተ ላይ ፈሰሰ አሉ» ብለው።

ከኋላው የመጣው ማን ነው ብትይኝ… ስም ምን ያደርጋል? ስም የሚያስፈልገው ለሌባ ነው። እኚህ ሰው ግን የተከበሩ ናቸው። መምህር ናቸው እንበል። መኪና መንዳት የሚያስተምሩ። ጣሪያዋ ላይ «ለማጅ» የሚል ምልክት ያለባት ነጭ መኪና ያላቸው።

ኧረ ባለቤትሽን ማለቴ አይደለም! ምን ነካሽ? ፊትሽ እኮ ልክ እንደ… ይሄ ከተማ ውስጥ መንዳት የሚያስተምሩት እሳቸው ብቻ ናቸው እንዴ? ነጭ መኪናስ የሳቸው ብቻ ናት? እኔ የማወራው ስለ ሌላ ሰው ነው። ባለቤትሽማ ሃያ ሁለት ዓመት አንድ ጭረት ሳያደርሱ የነዱ ሰው ናቸው፤ ለዚያ አይደል ቅዳሜ በአዳራሽ ሙሉ ሕዝብ ፊት የሚሸለሙት? ይሄን ቀሚስስ ለዚያ አይደል የምሰፋው? እጅሽን ወደ ላይ አድርጊልኝ። ጎሽ።

እና እኚህ ሌላው ሰውዬ… ጠንቃቃ ናቸው ይባላል፣ ከመጠን በላይ ጠንቃቃ። ተማሪ ሲቀበሉ የመጀመሪያው ትምህርት ምን እንደሆነ ታውቂያለሽ? «ሳልፈቅድልህ ፍሬን እንዳትነካ።» በእሳቸው እግር ሥር ሌላ ፍሬን አለ፤ አስፈላጊ ሲሆን የሚይዙት እሳቸው ናቸው። ለምን ቢሏቸው፣ ጀማሪ ፍሬን ሲያገኝ ባንዴ ይረግጠዋል፣ ከዚያ የኋላው መኪና መጥቶ ይገጨናል ይላሉ። ከኋላ መገጨትን እንደሳቸው የሚፈራ ሰው በዚህ ዓለም የለም። ታዲያ ይሄ ጥበብ አይደለም? ሰው የሚፈራውን ነገር በራሱ ላይ እንዳይደርስ አድርጎ ለሌላ ቢሰጠው?

ያን ቀን መሪውን የያዘችው አንዲት ልጅ ናት፣ ስድስተኛ ቀኗ። ሞተሩን አይታለች። ቀዩን መብራት አይታለች። «መምህር፣ ልያዝ?» አለች። መልስ የለም። «መምህር፣ ልያዝ ወይ?» አለች። አሁንም መልስ የለም። ታዛዥ ልጅ ናት፤ ሳይፈቀድላት አትነካም። እንዲያ አድርገው ነዋ ያስተማሯት! እኔ መቼም እንዲህ ያለ ታዛዥ ተማሪ ያፈራ መምህር አላየሁም። ሞተር እያየች፣ ሰው እያየች፣ እጇን እያነሳች ፈቃድ የምትጠብቅ… እኔ የማሠለጥናቸው ልጆች እኮ ቁልፍ ትከሉ ስላቸው ኪስ ይቀድዳሉ።

ሰውዬው ለምን አልመለሱላት? እሱን እንግዲህ ምን አውቄ። ስልካቸውን እያዩ ነበር አለች ልጅቷ። ሥራ ይሆናላ! ትልቅ ሰው ስልኩን ያለ ሥራ አያይም። በሬ ሆይ ሳሩን አየህና ገደሉን ሳታይ ይባል የለ? በሬው ግን ዕድለኛ አልነበረም፤ የገባው ራሱ ነው። እሳቸው ሳሩን አዩ፣ ገደል የገባው ሌላ ሰው ነው።

ክንድሽን አውርጂ፣ ጨረስኩ። ቀጥ በይ። ለምን ትጎብጫለሽ? ቅዳሜ እንዲህ ጎብጠሽ አይደለም የምትገቢው።

ደግነታቸውን ደግሞ ልንገርሽ። ወዲያው ነው ከመኪናቸው የወረዱት። ወርደው መጀመሪያ የፊቱን መከላከያ ዳሰሱ፣ ቀጥሎ ወንድሜን አዩት። ከዚያ ተመልሰው መኪናዋን አምስት እርምጃ ወደ ኋላ አሸሿት። «ልጁ አየር እንዲያገኝ ነው» አሉ። አየር አገኘ። ትራፊክ ፖሊሱ ሲደርስም በሞተሩና በመኪናዋ መካከል ጋሪ የሚያሳልፍ ቦታ ነበር፤ ሜትሩን ዘርግቶ ለካ፣ ፕላኑን አነሳ፣ ጻፈ። ቃል ሲጠየቁ ምን ቢሉ ጥሩ ነው? «እኛ ቆመን ሳለን ሞተረኛው ወደ ኋላ መጥቶ ገጨን።»

ወደ ኋላ! ሞተሩ!

ወንድሜ ያን ሰዓት ጀሶ እየተደረገለት ነው፤ ማን ይመልስ? እኔም ስሰማ የሰው ነገር ቶሎ አላጣጥልም ብዬ ጋራዥ ሄድኩ። መካኒኩን «የዚህ ሞተር የኋላ ማርሽ የቱ ነው?» ብዬ ጠየቅኩት። ልጁ ትክ ብሎ አየኝ። «እትዬ፣ እንዲህ ያለ ሞተር ወደ ኋላ የሚሄደው ሰው ወርዶ ሲጎትተው ነው» አለኝ። መካኒክ ምን ያውቃል? ዕድሜውን ሙሉ ሞተር ፈታ ገጠመ እንጂ አላስተማረ። ይሄንኑ ለትራፊክ ፖሊሱ ብነግረው ደግሞ መምህሩ ተጠየቁና ትምህርቱን አሻሻሉት፦ መንገዱ ዳገት ነው፣ ፍሬን ለቀቀና ተንሸራተተ። ያቺን ጎዳና ታውቂያታለሽ አይደል? ኳስ ብታስቀምጪባት እስክትመለሺ ትጠብቅሻለች። ግን እሳቸው ዳገት ነው ካሉ ዳገት ነው። የተማረ ሰው ያየውን እኛ የት እናየዋለን።

ምከረው ምከረው፣ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው ይላሉ አበው። እኚህን ሰው ግን ማን ይምከራቸው? መካሪው እሳቸው ናቸው። መከራውም መጥቶ ይህን አይቶ አፈረ መሰለኝ፣ ከፊታቸው ዞሮ ወንድሜን መከረው።

ሐኪም ቤትም መጥተው ጠይቀውታል እኮ! ባዶ እጃቸውን አይደለም፣ ሁለት ኪሎ ብርቱካን ይዘው። አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ ብለው አንዱን ለሱ ይልጣሉ፣ ሁለቱን ለራሳቸው ይልጣሉ። ልጣጩን ደግሞ ለእኛ ተዉልን እንጂ ይዘው አልሄዱም፤ ልታይው ይገባል ይሄን። ሲነሱ ትከሻውን መታ መታ አድርገው «ለወደፊቱ ስትቆም ከኋላህ ማን እንዳለ ማየት ልመድ» አሉት። እውነታቸውን ነው። ማን እንዳለ ቢያይ ኖሮ ይቆም ነበር?

እኔ ቅር አላለኝም። ምን ቅር ይለኛል… ውሸቴን ነው፣ አንድ ቀን ቅር ብሎኛል። ባለፈው እሑድ ጠዋት መጋረጃውን ስገልጥ፣ አንድ ካልሲ ለማጥለቅ አልጋው ላይ ላብ በላብ ሆኗል። ሰላሳ ዓመት የሞላው ሰው ነው። እኔ ነኝ ያሳደግኩት፣ ካልሲ ማጥለቅ ያስተማርኩት እኔ ነኝ። «ልርዳህ?» ስለው ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። እዚህ መጥቼ የስፌት መኪናዬ ላይ ተቀምጬ የጎረቤት መጋረጃ በጠማማው ሰፋሁት። አንጀቴ ነው የተቃጠለው እህቴ። ለማንም አልተናገርኩም፣ ላንቺ ነው።

ነገ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ሁለቱም ትራፊክ ቢሮ ይቀርባሉ። ጥፋቱ የሞተረኛው ነው ከተባለ መንጃ ፈቃዱን ይወስዱበታል። እግሩስ ይድናል፣ ሐኪሙ ብሏል። መንጃ የሌለውን ሞተረኛ ግን ላቦራቶሪው ምን ያደርገዋል? የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል ሲሉ እሰማ ነበር፤ ለካ ዛፉን «ወደ ምሳሩ የወደቅከው አንተ ነህ» የሚልም አለ።

ምስክር አትይኝም? ባለጋሪዋ እናት ደንግጣ ሄደች፣ የጮኸው ሰው ሁሉ ዞሮ ያየው ከተገጨ በኋላ ነው። ልጅቷ ነበረች። እዚሁ፣ አንቺ የቆምሽበት ጋ ቆማ አልቅሳ ነገረችን። ነገ ነይ ስንላት ግን ዓይኗን ሰበረች። ለፈተና የምትቀርበው በመምህሯ ፊርማ ነው። አልፈርድባትም። ፈቃድ ሳይሰጣት ፍሬን ያልነካች፣ ፈቃድ ሳይሰጣት አፍ ትከፍታለች?

ዙሪ። ቀስ። አሁን የኋላውን ልያዝ።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ። ይጠራል፣ ማን ካደ? አንዳንድ ቤት ግን መጋረጃው ወፍራም ነው፣ ሲነጋም አይታወቅ።

ብቻ አንድ ነገር አለ፣ አንድ ትንሽ ነገር። ልጅቷ ስታለቅስ እንዲህ አለች፦ መምህሩ ስልካቸው ላይ የሚያዩት ሁለት ጨርቅ ነበር። ሰማያዊና ቡኒ። አንዲት ሴት በሁለት እጇ ዘርግታ ይዛቸዋለች። መምህሩ በአንድ ጣት «ሰማያዊው» ብለው ጽፈው ሲልኩ ነው «ጓ!» ያለው። እኔ ሳቄ መጣ። ለምን መሰለሽ? ያን ቀን አንቺም እዚሁ ነበርሽ፣ ረፋዱ ላይ። እኔም ሁለት ጨርቅ ዘርግቼ ይዤልሽ ነበር… ሰማያዊና ቡኒ። «ቆይ ፎቶ ላንሳና ልጠይቃቸው» አልሽ፣ አነሳሽ፣ ላክሽ። መልሱ ወዲያው መጣ። «ሰማያዊው አሉ!» ብለሽ አጨበጨብሽ፣ እኔም አጨበጨብኩ። አብረን አጨበጨብን እኮ!

ሃያ ደቂቃም ሳይሞላ ነው ስለ ወንድሜ የደወሉልኝ።

አየሽ አጋጣሚ? በአንድ ከተማ፣ በአንድ ረፋድ፣ ሁለት የተለያዩ ሰዎች፣ ሁለት የተለያዩ ሚስቶች፣ አንድ ዓይነት ጨርቅ! ባለቤትሽን እንደማላነሳ ነግሬሻለሁ። እሳቸው ሥራ ላይ ስልክ አይነኩም፣ ራስሽ ነሽ የምትዪው። እኔ የምለው ስለ ሌላዋ ሚስት ነው። የዚያች ሴት ስልክ ላይ ፎቶው አለ። ሥሩ ላይ የተላከበት ሰዓት አለ፣ መልሱ የመጣበትም ሰዓት አለ። ነገ ሦስት ሰዓት ላይ ያቺን ስልክ ይዛ ብትገባ፣ ምንም ሳትናገር ጠረጴዛው ላይ ብታስቀምጣት፣ አንድ ሰው መንጃውን ይዞ ይወጣ ነበር። በእርግጥ ሌላው ሰው ቅዳሜ አዳራሽ ላይገባ ይችላል። ሴትዮዋም ቀሚሷን የት ትለብሰዋለች? ከባድ ነው። እኔ ብሆን… እኔ ምን ቤት ነኝ፣ እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ።

ስልክሽን ልስጥሽ? ቦርሳሽ ውስጥ ነው? ቆይ አንቺ አትውረጂ፣ ስፒሉ ይፈታብኛል፤ ቦርሳውን ላቀብልሽ። እንኪ።

አላይም፣ አላይም። ዓይኔ ቅምቀማው ላይ ነው። ይሄ መስታወት ነው ችግሩ፤ ከጉልበትሽ ሥር ሆኜ ቀና ስል ሁሉን ያሳየኛል። እሰይ፣ ፎቶዋ ይቻትና! እጄ ታየሽ? አውራ ጣቴ ላይ የጠለቀችው የስፌት ቆብ እንኳ ገብታለች። ሥሩ ያለው ቁጥር ነው የጠፋኝ፣ መነጽሬን አላደረግኩም። አንብቢልኝ አልልሽም። ዝም ብለሽ እይው። ጊዜ ወስደሽ እይው፣ እኔ አልቸኩልም፣ ወንድሜም የትም አይሄድ።

…

እህ።

አጠፋሽው?

ደግ አደረግሽ። ስልክ በፎቶ ሲሞላ ይከብዳል። እኔም የድሮ ብጣሽ ጨርቅ ሳጸዳ ቀለል ይለኛል። ቀስ፣ እንዳትወድቂ! በርጩማዋ ናት፣ አንድ እግሯ አጭር ነው። ያዢኝ ትከሻዬን፣ ጠንከር አድርገሽ ያዢኝ። ይኸው የመጨረሻዋ ስፒል… ገባች። ውረጂ አሁን።

እዩልኝ እንግዲህ! ዙሪያው እኩል ነው፣ አንድ ጣት አይበላለጥም። ቀስ ብለሽ አውልቂው፤ ነገ ማታ ይደርስልሻል። ጠዋት ግን እንዳትመጪ፣ ጠዋት ቢሮ ነን። ገበሩን በእጄ ነው የምሰፋልሽ፣ በመኪና አላስነካውም። ጨርቁ እንዲህ ያለ መልስ የተሰጠበት ነው፣ ክብር ይገባዋል። አዳራሹ ውስጥ ስትገቢ ሰው ሁሉ «ማን መረጠልሽ?» ይልሻል። «ባለቤቴ» ትያለሽ። በሃያ ሁለት ዓመት አንድ ጭረት የሌለበት ዓይን የመረጠው ጨርቅ!

ፊትሽን ጥረጊው፣ ዝናቡ ነው ይሉሻል። ጃንጥላሽን እንዳትረሺ።

ልጅሽስ? ሳልጠይቅሽ። ትናንት በዚህ በኩል ሲያልፍ አየሁት፣ አዲስ ሞተር ላይ ሆኖ። ገዛችሁለት እንዴ? እንኳን ደስ ያላችሁ! እኔን ሲያይ መንገዱ መሐል ቆሞ ሄልሜቱን አውልቆ ሰላም አለኝ። እንዴት ያለ ጨዋ ልጅ ነው፤ ሰው ሲያይ ይቆማል። ሆዴን ነው የበላኝ… ገና ለጋ ነው። እኔ እህት ነኝ፣ አንቺ እናት ነሽ፤ ያንቺ ይከፋል።

ነይ ልሳምሽ። ፈጣሪ ልጅሽን ይጠብቅልሽ። ዕድሜ ይስጠው፣ አጥንቱን ያጽናለት፣ ከክፉ ሹፌር ይሰውርልሽ። መንገድ ላይ በቆመ ቁጥር ሁሉ፣ ከኋላው የሚመጣው ሰው አባቱ ያስተማሩት ይሁንለት።

አሜን በይ እንጂ፣ እህቴ።